ስፋት ወይስ እይታ? ስለ ሶዌቶ ቤቶች ጥቂት ማስታወሻ

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንሰባሰብ ከፖለቲካ ቀጥሎ ብዙ የምንከራከርበት ጉዳይ የቤት ግዢ ይመስለኛል። ክርክሩም ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል። አንደኛው ወገን ክፍል ይቆጥራል። ሳሎኑ ስንት ሰው ይይዛል፣ ወጥ ቤቱ ሽታውን ወደ መኝታ ቤት ይለቃል ወይ፣ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ ልጆቹ የት ይተኛሉ ይላል። ሌላኛው ወገን በቀጥታ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ተራራው፣ ሐይቁ፣ የከተማው መብራት ከታየ ክፍሉ ቢጠብም ግድ የለውም። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ «እይታ» የምትለዋን ቃል ዋጋ ተምነውላታል።

የእኛ ወላጆች ቤት ሲያደንቁ «ግቢው ሰፊ ነው» ይሉ ነበር እንጂ «መስኮቱ ያሳያል» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ከፍታ ላይ መስፈር በታሪካችን ብርቅ አይደለም፤ ነገር ግን አምባ ላይ የወጣው ሰው ጠላት ከየት እንደሚመጣ ለማየት እንጂ ጀምበር ስትጠልቅ ለማድነቅ አልነበረም። ንጉሥ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ ሜዳው ሁሉ ከእግራቸው ሥር ተዘርግቶ ነበር። ይሁንና ውርጩ በረታ፣ ማገዶው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1886 እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት ማሠራት ሲጀምሩ ከፍታው ለሜዳው ለቀቀ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው፣ በሌላ አነጋገር፣ እይታን ትቶ ምቾትንና ስፋትን በመረጠ ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ግን ስለ እንጦጦ ለማውራት አይደለም። ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ በተለይም በሶዌቶ፣ ይህ የስፋትና የእይታ ጥያቄ እንደ እኛ ወግ የቡና ላይ ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሁለቱንም የወሰነው ነዋሪው ሳይሆን መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ ነበሩ። በሙያዬ መሐንዲስ ስለሆንኩ ነገሩን ከፕላኑ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ፕላኑ ከቦታው በኋላ የመጣ ስለሆነ መቅደም ያለበት ቦታው ነው።

በ1904 ጆሃንስበርግ መሐል ወረርሽኝ ገባ። ባለሥልጣናቱ ጥቁሮችና ሕንዶች ተፋፍገው የሚኖሩበትን ሰፈር አቃጠሉና ነዋሪውን ከከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል አርቀው ክሊፕስፕሩት በተባለ ቦታ አሰፈሩት። ጎረቤቱ የከተማው የፍሳሽ ማስወገጃ እርሻ ነበር። የዛሬዋ ሶዌቶ የመጀመሪያ እይታ እንግዲህ ይህ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኦርላንዶ ተሠራች፤ ስሟንም ያገኘችው ከማዘጋጃ ቤቱ ሰው ከኤድዊን ኦርላንዶ ሊክ ነው። በስተምሥራቅ በከተማውና በሰፈሩ መካከል የባቡር ሐዲድ፣ ባዶ መሬትና ከወርቅ ጉድጓድ የወጣ ቢጫ የአፈር ተራራ ተዘርግቷል። ይህ የአፈር ክምር ዛሬም ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው ያምራል። ነሐሴ ላይ ነፋስ ሲነሣ ግን አቧራው ሳሎን ድረስ ይገባል። ኩባንያዎቹ በአፈሩ ውስጥ የቀረውን ወርቅ እንደገና ለማጣራት ብዙዎቹን ክምሮች ጠርገው ስለወሰዱ፣ በመስኮቱ ትይዩ ተራራ የነበረው ሰው አንድ ቀን ተነሥቶ ሜዳ ያያል። የሰው ንብረት የሆነ እይታ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ጭኖት ይሄዳል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ፋብሪካው ሠራተኛ ፈለገ፣ ቤት ግን አልተሠራም። በመጋቢት 1944 ጄምስ ምፓንዛ የሚባል የኦርላንዶ ሰው በየዘመዱ ቤት ተደርበው የሚኖሩትን ቤተሰቦች መርቶ ባዶ መሬት ላይ በጆንያና በጨርቅ ድንኳን አሰፈራቸው። የንቅናቄው ስም ሶፋሶንኬ ነበር፤ «ሁላችንም አብረን እንሞታለን» ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ መጀመሪያ ከብሎኬት መጠለያ ሠራ። በ1947 ደግሞ ሞሮካ ላይ 20 በ20 ጫማ የሆነ ቁራሽ መሬት እያደለ «ጊዜያዊ» የሚባል ካምፕ ከፈተ። 20 በ20 ጫማ ማለት 37 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቤቱ ሳይሆን ግቢው በሙሉ!

አሁን ወደ ፕላኑ ልምጣ። በፕሪቶሪያ የነበረው ብሔራዊ የሕንፃ ምርምር ተቋም በ1951 አንድ ንድፍ አወጣ፤ ቁጥሩም ኤን ኢ 51/6 ነው። ሁለቱ ፊደላት «አውሮፓዊ ያልሆነ» ከሚለው መጠሪያ የተወሰዱ ሲሆን 51 ዓመቱ፣ 6 ደግሞ የንድፉ ቁጥር ነው። ዋናው ሰው ዳግላስ ካልደርውድ የተባለ አርክቴክት ሲሆን፣ በ1953 ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናትም በዚሁ በጥቁሮች መኖሪያ ቤት ላይ ነበር። ሥዕሉን በሙያ ዓይን ለሚያይ ሰው የተጠና ሥራ ነው። አራት ክፍል አለው፤ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና ሁለት መኝታ ቤት። ኮሪደር የለውም፤ ኮሪደር ሰው የማይኖርበት ሲሚንቶ ነውና። ጠቅላላ ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አልጋና ጠረጴዛ የት እንደሚቆም፣ ብርሃንና አየር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ተሰልቷል። መጸዳጃው ውጭ ጓሮ ነው። ታናሽ ወንድሙ 51/9 መታጠቢያውን ወደ ውስጥ አስገብቷል፤ የተባዛው ግን በብዛት 51/6 ነው።

እኔ ይህን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ሁለት ስሜት ይፈራረቅብኛል። አንደኛው የሙያ አክብሮት ነው። በትንሽ ብር ብዙ ሰው ከዝናብ ማዳን ቀላል ጥበብ አይደለም። ሁለተኛው ግን ስሌቱ የተነሣበት ጥያቄ ነው። ለነጭ ቤተሰብ ቤት ሲነደፍ ጥያቄው «ምን ይፈልጋሉ?» ነበር። ለ51/6 ግን «ከምን በታች ሲሆን ይታመማሉ?» ሆነ። ዝቅተኛ መለኪያ የሚባለው ነገር ወለል ሆኖ ይጀምርና ጣሪያ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም በተግባር ከሥዕሉ ላይ እንኳ ተቀንሷል። ብዙዎቹ ቤቶች ኮርኒስ አልነበራቸውም፣ የውስጥ በር አልነበራቸውም። ክዳኑ የአስቤስቶስ ሉህ ስለሆነ በሰኔ ክረምት ብርዱን፣ በታኅሣሥ በጋ ሙቀቱን እንዳለ ያስገባል። በዚያው በ1951 የወጣ ሕግ ጥቁር ግንበኞች በጥቁሮች ሰፈር ብቻ እንዲገነቡ ስለፈቀደ ጉልበቱም ርካሽ ሆነ። ሕዝቡ ቤቱን «የክብሪት ቀፎ» አለው። አራት ክፍል ውስጥ ሰባት ስምንት ሆኖ የኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ሊያወጣለት አይችልም።

ይሁንና ከሁሉም ነገር አንዱ ትንሽ አልነበረም። ቤቱ የቆመበት ቦታ ብዙውን ጊዜ 40 በ70 ጫማ ነው፤ 260 ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቤቱ ከቦታው 15 በመቶውን ብቻ ይዞ የቀረው 220 ካሬ ሜትር ባዶ ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሚገርመው ነገር መንግሥት ራሱ በዚያን ጊዜ «ስፋት» የሚለውን ክርክር መጠቀሙ ነው። ሶፊያታውን ከከተማው መሐል በስተምዕራብ የነበረች፣ ጥቁሮች በስማቸው መሬት መግዛት የቻሉባት ሰፈር ነበረች። ተጣባ ነበር፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ይኖር ነበር። በየካቲት 1955 ፖሊስና የጭነት መኪና መጥተው ሰውን ወደ ሜዶውላንድስ፣ ወደ ዛሬዋ ሶዌቶ ማጋዝ ሲጀምሩ የተሰጠው ምክንያት «የተበላሸ ሰፈር ማጽዳት» ነበር። በወረቀት ላይ እውነትም አለው። አንድ ክፍል የተከራየ ቤተሰብ አራት ክፍል ደረሰው። ያጣው ነገር ግን በካሬ ሜትር አይለካም። ካርታው ሄደ፣ ለሥራው ያለው ቅርበት ሄደ፣ ጎረቤቱ ሄደ። የሶፊያታውን ቦታ ለነጮች ተሰጥቶ «ትሪዮምፍ» ተባለ፤ ድል ማለት ነው። የቀድሞ ስሟ የተመለሰላት በ2006 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የሚሻለው ስፋት ነው» ሲለኝ፣ እኔም በአብዛኛው የምስማማ ብሆንም፣ ሜዶውላንድስ ትዝ ትለኛለች።

ስለ እይታስ? ለእይታ ተብሎ የተሠራ አንድ ነገር ሶዌቶ ውስጥ አለ። በ1956 ሰር ኧርነስት ኦፐንሃይመር የሞሮካን ካምፕ አይተው ካዘኑ በኋላ የማዕድን ኩባንያዎች ለማዘጋጃ ቤቱ 3 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲያበድሩ አደረጉ፤ በብድሩም 14 ሺህ ገደማ ቤት ተሠራ። በሚቀጥለው ዓመት ለምስጋና በጃባቩ አንድ ግንብ ቆመላቸው። የተገነባውም ከፈረሱት የሞሮካ ቤቶች በተረፈ ጡብ ነው። ደረጃውን የወጣ ሰው ሶዌቶን እስከ ዳር ያያታል፤ ተመሳሳይ ክዳን፣ ተመሳሳይ ክዳን፣ ተመሳሳይ ክዳን። የመጠለያ ጡብ የጎብኚ ማማ መሆኑን ከማንም በላይ የሚረዳው ያንን ጡብ ግድግዳ አድርጎ የኖረው ሰው ነው።

ሌላው እይታ የኦርላንዶ የኃይል ማመንጫ ነው። ሁለቱ ማቀዝቀዣ ማማዎቹ 100 ሜትር ገደማ ስለሚረዝሙ ከብዙ ግቢ ይታያሉ። ጣቢያው ኤሌክትሪክ የሚልከው ወደ ጆሃንስበርግ ነበር። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው የሶዌቶ ቤት መብራት አልነበረውም፤ የሚነደው የድንጋይ ከሰል ነበር፤ በክረምት ምሽት ጭሱ ሰፈሩ ላይ ስለሚተኛ ማማውም፣ ጎረቤትም፣ ኮከብም አይታይም። ጣቢያው በ1998 ተዘጋ። ማማዎቹ በቀለም ተዋቡ፣ ዛሬ ቱሪስት በገመድ ታስሮ ከላያቸው ይወረወራል። ቤት ሻጮችም በማስታወቂያቸው ላይ ማማዎቹን ያሳያሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዉ ቤቱን መግዛት አይችልም ነበር ወይ? ለተወሰነ ጊዜ ይችል ነበር፤ ለ30 ዓመት በሊዝ። ዱቤ በተባለችው ሰፈር አቅም ያለው በራሱ ፕላን ሲሠራ ነበር። በ1968 መንግሥት ይህንንም ሰረዘው። ጥቁር በከተማ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ይከራያል እንጂ አይገዛም ነበር ፍልስፍናው። እኛ በበኩላችን በ1967 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 47 እናስታውሳለን። ሁለቱ በዓላማ አይነጻጸሩም፤ አንዱ የዘር፣ ሌላው የመደብ ነው። ነገር ግን የቀበሌ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው አንድ ነገር በሚገባ ያውቃል፤ ያንተ ባልሆነ ቤት ላይ ምስማር ስትመታ እንኳ እጅህ ያመነታል። ሶዌቶ በእነዚያ ዓመታት ሙሉ ከተማ ሆና እጇ ያመነታ ነበር።

ከ1976ቱ የተማሪዎች አመፅ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1978 የ99 ዓመት ሊዝ መጣ፣ በ1983 መንግሥት በመላ አገሪቱ 500 ሺህ ያህል ቤቶችን እንደሚሸጥ አስታወቀ፣ በ1986 ሙሉ ባለቤትነት ተፈቀደ። ሕዝቡ ግን ለመግዛት አልተሻማም። «በኪራይ ከፍለን የጨረስነውን ቤት እንደገና እንግዛ?» አለ። በ1986 የኪራይ አድማ ተጀመረ፤ በ1990 በተፈረመው የሶዌቶ ስምምነት ውዝፉ ተሰረዘ፣ ቤቶቹም ወደ ነዋሪው እንዲዛወሩ መንገድ ተከፈተ። እዚህ ላይ ነው ሰዉ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን እፈልጋለሁ?» ብሎ ራሱን የጠየቀው።

መልሱ ሁለት ዓይነት ነበር። ገንዘብ ያገኘው ወደ ዲፕክሉፍ ኤክስቴንሽን ወጣ። ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ የከተማው ሕንፃዎች ከርቀት ይታያሉ፣ ሰዉም «ዲፕክሉፍ ኤክስፔንሲቭ» እያለ ይቀልድበታል። በቪላካዚ ጎዳና የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ማንዴላ በ1946 የገቡባት ቁጥር 8115 ጠባብ የማዘጋጃ ቤት ቤት ናት፤ በ1962 ወደ እኛ አገር መጥተው ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ አድራሻቸው እሷው ነበረች። በ1990 ከእስር ወጥተው 11 ቀን ቆዩባት። ዛሬ ሙዚየም ናት፣ ጎዳናውም በምግብ ቤት ተሞልቷል። እዚያ የሚሸጠው የክፍል ብዛትም፣ የተራራ እይታም አይደለም፤ የሚሸጠው መታየት ነው።

አብዛኛው ሰው ግን የትም አልሄደም። ያንን 220 ካሬ ሜትር ባዶ ቦታ መገንባት ጀመረ። መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ወደ ኋላ ገፋ፣ ቀጥሎ ጋራዥ፣ ቀጥሎ ከጓሮው አጥር ጋር ተያይዞ የሚከራይ ክፍል። እኛ ሰርቪስ ቤት የምንለው መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ጡረታ የወጣች እናት ከአራት ክፍል የምታገኘው ኪራይ ለልጅ ልጆቿ ትምህርት ቤት ይሆናል። ሲደመር ግን ምን ይሆናል? የክብሪት ቀፎው የኋላ መስኮት ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ግድግዳ ያያል። ካልደርውድ ለብርሃንና ለአየር የሠራው ስሌት ያለቀለት ያን ጊዜ ነው። በሶዌቶ ስፋትና እይታ ሁለት የተለያዩ ሸቀጦች አልነበሩም፤ ሁለቱም ከአንድ ግቢ የሚወጡ ነበሩ። አንዱን ባወጣህ ቁጥር ሌላው ይቀንሳል። እኔ «እይታ ቅንጦት ነው» ከሚሉት ወገን ሆኜ እዚህ ላይ የምለያቸው በዚህ ምክንያት ነው። ተራራ ማየት ቅንጦት ሊሆን ይችላል። ሰማይ ማየት ግን አይደለም።

የእነዚህ ክፍሎች ተከራይ ማን እንደሆነ አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። ብዙው ከገጠር የመጣ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በጋራዡ ውስጥ ስፓዛ የሚባለውን ትንሽ ሱቅ የከፈተው ግን ብዙ ጊዜ የሆሳዕና፣ የከምባታ ወይም የሶማሌ ልጅ ነው። ሱቁ ከፊት፣ ፍራሹ ከኋላ፣ በመካከል የዘይትና የዱቄት ክምር። በጥር 2015 ስኔክ ፓርክ በተባለው የሶዌቶ ክፍል አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሱቅ ውስጥ በጥይት ተገድሎ ዘረፋው ሰፈር ለሰፈር ሲዛመት፣ ያለ ኋላ በርና ያለ መስኮት መኖር ምን ማለት እንደሆነ ወገኖቻችን አይተውታል። በ2024 መጨረሻ ደግሞ በናሌዲ ስድስት ሕፃናት በተመረዘ ነገር ከሞቱ በኋላ መንግሥት እነዚህ ሱቆች ሁሉ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ያኔ የሱቁና የመኝታው ክፍል አደላደል የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። የእነዚህ ልጆች የሶዌቶ እይታ ብር የሚቀበሉበት የብረት ፍርግርግ ነው።

ከእነርሱ አንዱ አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ፍርግርግ ጀርባ ሠርቶ ቤት መግዛት ፈለገና «ጋሼ፣ አንተ መሐንዲስ ነህ፣ ና እይልኝ» አለኝ። ሁለት ቤት አየን። አንደኛው ዲፕክሉፍ ኤክስቴንሽን፣ ሰገነት ያለው፤ ማታ የጆሃንስበርግ መብራት ይታያል። ክፍሎቹ ግን የተቆራረጡ ናቸው፤ ወደ አንዱ መኝታ ቤት ለመግባት በሌላው ማለፍ ያስፈልጋል፣ ደረጃው መሐል ላይ ስለተቀመጠ ማስተካከልም አይቻልም። ሁለተኛው ሜዶውላንድስ ውስጥ ያለ ንጹሕ 51/6 ነው። አሮጊቷ ባለቤት ጓሮውን ለአትክልት ትተውት ኖረዋል፤ አንድም ሰርቪስ አልተሠራበትም። ከግቢው የሚታየው የጎረቤት ክዳንና ልብስ ማድረቂያ ገመድ ነው።

ሁለተኛውን ውሰድ አልኩት። ግድግዳ ይፈርሳል፣ ክፍል ይጨመራል፤ የደረጃው ቤት ግን የሌላ ሰውን ስሕተት በውድ ዋጋ መግዛት ነው። የአስቤስቶሱን ክዳን ፈቃድ ባለው ሰው አስነሥተህ ለውጥ፣ ኮርኒስ ሥራ፣ መጸዳጃውን ወደ ውስጥ አስገባ አልኩት። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ግቢውን ሣልኩና በሰሜን በኩል ከቤቱ ግድግዳ ሦስት ሜትር ለክቼ መስመር አሰመርኩ። እዚህ አገር ፀሐይ የምትመጣው ከሰሜን ነው፤ በሰኔ ዝቅ ብላ በዚያ በኩል ብቻ ታልፋለች። የማዘጋጃ ቤቱ ፕላን በመንገዱ ግራና ቀኝ አንዱን ቤት ገልብጦ ስላስቀመጠው ከጎረቤቶቹ ገሚሶቹ ይህ ዕድል የላቸውም፤ ይህ ቤት ግን አለው። ከዚህ መስመር ወዲህ ምንም እንዳትሠራ አልኩት።

ወረቀቱን ትንሽ አየና «ይህ መስመር ስንት ክፍል ይወስድብኛል?» አለኝ።

ቆጠርኩለት። ሁለት ክፍል። እርሱም ስልኩን አውጥቶ የሁለት ክፍል ኪራይ በአሥራ ሁለት ወር ማባዛት ጀመረ።